ከመቃብር የወጡ የቻይና ወይዛዝርት አልባሳት ዜና

የሐር ልብስ መቃብር ውስጥ ከአጥንት ቀድሞ ይጠፋል። እርጥበትና ድርቀት ከተፈራረቁበት፣ አየርም ካገኘው፣ ድሩም ማጉም አፈር ይሆናል። በቻይና ምድር የጥንት የሴት ልብስ ሳይበሰብስ የተገኘባቸው መቃብሮች ስለዚህ ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም በአብዛኛው ቀባሪዎቹ ጉድጓዱን በጭቃ፣ በከሰል ወይም በኖራ ደፍነው አየር ያሳጡት ናቸው። የአራቱ ነገር እንደ ዘመናቸው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ ዓመቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት፣ የቻይና መንግሥታት እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፣ የደቡቡን አገር የቹ ነገሥታት ይገዙት ነበር። መናገሻቸው ዪንግ ትባል ነበር፤ በ278 ዓመት ቅድመ ልደት የቺን ጦር አለቃ ባይ ቺ መጥቶ ያዛት። ከተማይቱ ከመያዟ በፊት በአቅራቢያዋ ዕድሜዋ ከ40 እስከ 45 የሚገመት አንዲት ሴት ሞታ ተቀበረች። ስሟ አልታወቀም። መቃብሯ ጠባብ ነው፤ ከታላላቆቹ ወገን አልነበረችም፣ ከበታቹ መኳንንት ትመደባለች። ሆኖም በ1982 በጥር ወር፣ ዛሬ ሁቤይ በሚባለው ግዛት በማሻን፣ የጡብ ፋብሪካ ሠራተኞች አፈር ሲቆፍሩ መቃብሯን ባገኙ ጊዜ የወጣው ሐር ከብዙ ጌቶች መቃብር ያልተገኘ ነበር። ሬሳዋ በ13 ድርብ ልብስና መደረቢያ ተጠቅልሎ በዘጠኝ የሐር መቀነት ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። አብረዋት የተቀበሩት ትናንሽ የእንጨት ምስሎች ሳይቀሩ የሐር ቀሚስ ለብሰዋል።

ቀሚሶቹ ረጃጅም፣ እጅጌያቸው ሰፋፊ፣ የግራው ክንፍ በቀኙ ላይ ተደርቦ የሚታሰር ነው። ላይኛውና ታችኛው ክፍል ለየብቻ ተቆርጦ ወገብ ላይ ተሰፍቷል። በብብቱ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ ትንሽ ቁራጭ ገብቶበታል፤ ይህ ቁራጭ ባይኖር ኖሮ ለባሿ ክንዷን ባነሳች ቁጥር ልብሱ ሁሉ አብሮ በተነሳ ነበር። ሰፊው ማን እንደነበረ አይታወቅም፤ ሥራውን ግን ያውቅ ነበር። የክረምቱ ልብስ በገበርና በላዩ መካከል የሐር ባዘቶ ተሞልቶበታል። ከጥልፎቹ ሁሉ የሚደነቀው በስስ ሐር ላይ የተሠራው ነው፦ ዘንዶዎችና ፊኒክስ የሚባለው ወፍ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው፣ በመካከላቸው ቀይና ጥቁር ሽንትር ያለበት ነብር አፉን ከፍቶ ይታያል። ስፌቱ የሰንሰለት ስፌት ነው፤ መርፌው ከፊተኛው ቀለበት ውስጥ እየወጣ አዲስ ቀለበት ይሠራል፣ በዚህ አኳኋን የነብሩ ሽንትር እያንዳንዱ በጥቃቅን ቀለበት ተሞልቷል። ጠጋ ብሎ ለሚያየው ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ።

ከዚህም በኋላ ቹ ጠፋ፤ ቺንም ወደቀ፤ የሃን ነገሥታትም አገሩን አንድ አድርገው ያዙ። በእነርሱ ዘመን ሊ ጻንግ የተባለ ሰው በቻንግሻ ንጉሥ ቤት ጠቅላይ ሹም ሆነ፤ በ193 ዓመት ቅድመ ልደት የዳይ ጌታ ተብሎ 700 አባወራ ተሰጠው፤ በ186 ሞተ። ሚስቱ ወይዘሮ ሺን ዡይ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ፣ ዕድሜዋ 50 ገደማ ሲሆን ሞተች። ቀባሪዎቿ አራት ሣጥን አንዱን ባንዱ ውስጥ አኖሩ፤ በዙሪያው 5 ቶን ያህል ከሰል ጎዘጎዙ፤ በላዩም ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ነጭ የሸክላ አፈር ደለደሉ።

እስከ 1971 መጨረሻ ድረስ ሬሳዋን የነካ አልነበረም። በዚያ ጊዜ በቻንግሻ ከተማ አጠገብ፣ ማዋንግዱይ በሚባለው ጉብታ ሥር፣ ለሆስፒታል የምድር ውስጥ መጠለያ ሲቆፈር ከጉድጓዱ ጋዝ ወጣ፤ እሳት ሲነካውም በሰማያዊ ነበልባል ነደደ። አየር ያልገባው መቃብር መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። በ1972 ሣጥኖቹ ሲከፈቱ የሴትዮዋ ቆዳ ሲጫኑት የሚለሰልስ፣ መገጣጠሚያዋም የሚታጠፍ ሆኖ ተገኘ። ሬሳውን የመረመሩ ሐኪሞች ከሆዷ ዕቃ 138 የከርቡሽ ፍሬ ለቀሙ፤ ከርቡሽ በሚበላበት ወራት ሞታለች ማለት ነው።

እንደ ማሻኗ ሴት እርሷም በልብስ ላይ ልብስ፣ 20 ድርብ፣ ተጠቅልላ በዘጠኝ መቀነት ታስራለች። አብሯት የተቀበረው ዕቃ ዝርዝር 312 በሚሆኑ የቀርከሃ ስንጣሪዎች ላይ ተጽፎ ከጎኗ ተቀምጧል። ዛሬ የሽመና አዋቂዎች የጥልፉን ዓይነት የሚጠሩበትን ስም ከዚያ ዝርዝር አግኝተውታል፤ ከመቃብር ልብስ ጋር የልብሱ ስም አብሮ መገኘቱ ትልቅ ዕድል ነው። ከልብሶቿ ባዘቶ የተሞሉ ካባዎች ይበዛሉ። ከአራት ቁራጭ ሐር የተጋጠሙ ሁለት ሽርጦች፣ ጣት አልባ የእጅ ሹራብ የሚመስሉ የሐር ጓንቶች፣ ካልሲና ጫማም አሉ። ከካባዎቹ አንዳንዶቹ በጥልፍ ፈንታ አበባው በማኅተም ታትሞ በብሩሽ ቀለም የተጨመረባቸው ናቸው።

ዓለም ሁሉ የሚያወራላቸው ግን ገበር የሌላቸው ሁለት የስስ ሐር ቀሚሶች ናቸው። አንዱ 48 ግራም፣ ሌላው 49 ግራም ይመዝናሉ። 49 ግራም አንድ ትንሽ የዶሮ እንቁላል ማለት ነው። ቀሚሱ ግን የአሻንጉሊት አይደለም፤ ቁመቱ 128 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ እጅጌዎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ክሳዱና የእጅጌው አፍ ወፈር ባለ ጨርቅ የተቀመቀመ ስለሆነ፣ ከክብደቱ የማይናቅ ድርሻ ያለው ጠርዙ ነው። ከደማቁ ካባ በላይ ይለበስ የነበረው ቀለሙና ጥልፉ እንደ ጭጋግ ውስጥ ሆኖ እንዲታይ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ የውስጥ ልብስ ነው የሚሉም አሉ። በ1983 አንድ ሌሊት ሌባ የማዋንግዱይ ዕቃ ወደሚቀመጥበት ወደ ሁናን ሙዚየም ገብቶ ከዕቃው ብዙ ሰረቀ። ሌባው የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ የሰረቀው ሁሉ እንደነበረ አልተመለሰም።

ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አለፈ። የሶንግ ነገሥታት ሰሜኑን አጥተው በደቡብ ሲገዙ፣ በፉዡ ከተማ ኋንግ ሼንግ የምትባል ወይዘሪት ነበረች። አባቷ በ1229 በመንግሥቱ ፈተና አንደኛ የወጣ፣ ኋላም በቹዋንዡ ወደብ የባሕር ንግድ ሹም የነበረ ነው። በ16 ዓመቷ ከንጉሣዊው ዘር ለሆነ ሰው ተዳረች፤ በማግስቱ ዓመት በ1243 ሞተች። መቃብሯ በ1975 ሲገኝ የወጣው ዕቃ 436 ነበር፤ ከዚህ 201 የተሰፋ ልብስ፣ 153 ደግሞ ያልተሰፋ ጨርቅ ነው። ለ17 ዓመት ሙሽራ ብዙ ነው፤ ከጥሎሿ ገና ያልተነካው ሳይበዛ አይቀርም።

የእርሷ ልብስ ከቀደሙት ፈጽሞ ይለያል። ክንፉ በክንፍ ላይ አይደረብም፤ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት የተከፈተ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ቀጭን ካፖርት ነው። ጌጡም በመላው ጨርቅ ላይ አልተዘራም፤ ልክ እንደ ሸማ ጥለት በክሳዱና በደረቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ወርዷል። በዚያች ጠባብ ጠርዝ ላይ የጸደይ፣ የበጋ፣ የመኸርና የክረምት አበባ በአንድነት በወርቅና በቀለም ተስሏል። ከካፖርቱ ሥር ሽንሽን ቀሚስና ሱሪ ይለበሳል። እጅጌ ከሌላቸው ሰደርያዎቿ አንዱ 16.7 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያህል መሆኑ ነው። ጫማዎቿ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ፦ ርዝመታቸው ከ14 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። እግሯ በጨርቅ ተጠፍንጎ እንዳያድግ የተደረገ ነበር።

ከዚያም በኋላ፣ በሚንግ ነገሥታት ዘመን፣ ዋንሊ ከ1572 እስከ 1620 ነገሠ። በእናቱ ቤት ታገለግል ከነበረች ደንገጡር በ1582 ወንድ ልጅ ወለደ፤ እናቲቱን ግን አልወደዳትም፤ ተገልላ ኖራ በ1611 ሞተች። ንጉሡ ከሞተ በኋላ የልጅ ልጇ ሲነግሥ እቴጌ ሺያዎጂንግ ተባለች፤ ሬሳዋም ከቤጂንግ በስተ ሰሜን ወደሚገኘው ወደ ዲንግሊንግ፣ ወደ ንጉሡ መቃብር፣ ተዛወረ። በዚያም ከእርሱና ከሕጋዊት ሚስቱ ከእቴጌ ሺያዎዱዋን ጋር ተቀበረች።

ይህ መቃብር እንደሌሎቹ በአጋጣሚ አልተገኘም፤ ሊቃውንት ፈቅደው በ1956 መቆፈር ጀምረው በ1958 ጨረሱ። አራት የእቴጌ ዘውዶች ወጡ፤ ዘንዶና ፊኒክስ በላያቸው ተሰልፎ፣ ዓሣ በሚያጠምደው ወፍ ሰማያዊ ላባ ተለብጠው፣ በሺህ በሚቆጠር ሉል ያጌጡ ናቸው። አንዱ ብቻ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ራስ ላይ ተሸክሞ መቆም ቀላል አልነበረም። ከሺያዎጂንግ ሣጥን ደግሞ በወርቅ ክር ዘጠኝ ዘንዶዎችና አንድ መቶ ሕፃናት የተጠለፉበት ካባ ተገኘ። ሕፃናቱ በየቡድናቸው ይጫወታሉ። ብዙ ወንድ ልጅ ይሁንልሽ የሚል ምርቃት ነው፤ የተሰፋላት ግን አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ለተገፋች ሴት ነው።

ወርቁና ሉሉ ዳነ፤ ሐሩ ግን አልዳነም። አየር ሲያገኘው ቀለሙ ጠፋ፤ እንዲጸና ተብሎ የተቀባው ኬሚካል አደረቀው፤ እንደ ደረቅ ቅጠልም ተሰባበረ። በ1966፣ በባህል አብዮቱ ጊዜ፣ ቀይ ዘቦች የንጉሡንና የሁለቱን እቴጌዎች አጥንት አውጥተው አቃጠሉ። ከዲንግሊንግ በኋላ የነገሥታት መቃብር በገዛ ፈቃድ እንዳይከፈት መንግሥት ከለከለ።

የቀረው ልብሱን እንደገና መሥራት ነበር። የመቶ ሕፃናቱ ካባ በጥልፍ ባለሙያዎች እጅ ተገለበጠ። የሺን ዡይን ቀሚስ መገልበጡ ግን ከሁሉ ይልቅ አስቸገረ። የመጀመሪያው ግልባጭ ሲመዘን ከ80 ግራም በላይ ሆነ። ጥፋቱ የሸማኔው አልነበረም፤ የዛሬው የሐር ትል በብዙ ዘመን እርባታ ከጥንቱ ይልቅ ወፍሯል፣ የሚተፋውም ክር እንደዚያው ወፍሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጭን ክር የሚሰጥ ትል ማግኘት፣ ከዚያም ክሩን መፍተል፣ ማቅለምና መሸመን ግድ ሆነ። በናንጂንግ ከተማ የሚገኘው የዩንጂን ሽመና ምርምር ተቋም ሁለት ዓመት ደክሞ በ2019 አዲሱን ቀሚስ አደረሰ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 49.28 ግራም ሆነ።