የጤና ሚኒስትር መልስ የሚሰጠው ለማን ነው?

ዛሬ ከኖፓ የምጽፍላችሁ ረዘም ያለ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የጤና ሚኒስትር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ሲጠየቅ በቴሌቪዥን አይታችኋል። አንዱ ተወካይ ይነሳና በተመረጠበት ወረዳ መድኃኒት እንደጠፋ፣ አምቡላንሱ በጎማ እጦት እንደቆመ፣ ወላድ እናት በቃሬዛ እንደምትወሰድ ይናገራል። ሚኒስትሩ የአገሩን ቁጥር ይዘው ይመልሳሉ፤ ይህን ያህል ጤና ጣቢያ ተሠራ፣ ይህን ያህል ሕፃን ተከተበ፣ የቀረውን ከክልሎች ጋር በቅንጅት እንሠራለን። ጥያቄው ስለ አንድ ወረዳ ነው፤ መልሱ ስለ ኢትዮጵያ ነው። ተመልካቹም «ኧረ ተዉት!» ብሎ ቻናል ይቀይራል።

እኔ የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ቻናል ከመቀየሬ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። ሚኒስትር ቀርቦ እንዲመልስ የሚያስገድደው ሕግ ከመቼ ወዲህ መጣ? የሚጠየቀው ነገርስ በእውነት በሚኒስትሩ እጅ ያለ ነው ወይ?

ከመጀመሪያው እንነሳ። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ። አባላቱን ግን ሕዝብ አልመረጣቸውም። የሕግ መወሰኛውን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን መሳፍንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጣሉ። የጤና ሚኒስትር የሚባልም ገና የለም። ጤና በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ያለ አንድ ክፍል ሆኖ ቆይቶ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር የሆነው በ1940 ዓ.ም. ነው።

ቀጥሎ በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መጣ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የሕግ መምሪያ አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ተመረጡ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ይህ ሕገ መንግሥት በ73ኛው አንቀጹ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ከጠራቸው ሚኒስትሮች ራሳቸው ወይም ምክትላቸው ቀርበው በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ ያዛል። ግን ልብ በሉ፤ የመመለስ ግዴታው ሊወጣ ስላለው ሕግ ለሚነሳ ጥያቄ ነው። በጎሬ ወይም በመቱ ኪኒን ለምን ጠፋ ለሚለው አይደለም። ሚኒስትሩን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ ነው። አንድ ሰው መልሱን የሚያሳምረው እንጀራውን ለሚሰጠው ነው አይደል? የዚያ ዘመን ሚኒስትር ዓይኑ ምን ጊዜም ወደ ቤተ መንግሥት ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ያንንም ምክር ቤት ዘጋው። ብሔራዊ ሸንጎ በ1980 ዓ.ም. እስኪመጣ ድረስ 13 ዓመት ገደማ ሚኒስትር የሚጠራ ምክር ቤት አገሪቱ አልነበራትም። ሸንጎው ሲመጣም በአንድ ፓርቲ የተያዘ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የአሁኑ ሕገ መንግሥት ነው ነገሩን በሕግ ደረጃ የቀየረው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን የመጥራት፣ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ኪኒን መጠየቅ ልመና አይደለም። መብት ነው።

የሚኒስትር መልስ ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል ያየነው በ2012 ዓ.ም. ነው። ዶክተር ሊያ ታደሰ ሚኒስትር ሆነው ሹመታቸው በምክር ቤቱ በጸደቀ ማግስት፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ። ምርጫው ተራዘመ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን በሰጠው ውሳኔ ምርጫው የሚካሄደው ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ስጋት አለመሆኑ በጤናው ዘርፍ ተገልጾ በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ነው ተባለ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሚኒስትሯ ቀርበው አስፈላጊው ጥንቃቄ ተደርጎ ምርጫ ማካሄድ ይቻላል የሚል ሪፖርት አቀረቡ፤ ምክር ቤቱ መስከረም 12 አጸደቀው፤ ምርጫውም ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተደረገ። አስቡት፣ አንድ የጤና ሚኒስትር ለምክር ቤት የሰጠው መልስ የአገር ምርጫ በር ከፈተ ማለት ነው። የፖለቲካ ክርክሩን ለጊዜው እንተወው። ከታሪክ አንጻር ግን እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም።

ታዲያ ይህን ያህል ክብደት ያለው መልስ ለምን ኖፓ አይደርስም? ሦስት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛው የቁጥር ነገር ነው። ሚኒስትሮች የሚጠሩት ቁጥር ውሸት ነው ብሎ መነሳት ትክክል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከ100 ውስጥ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 26 ደረሱ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 871 ከነበሩበት ወደ 412 ወረዱ። ይህ በየቀበሌው ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ላብም ጭምር ነው፤ መካድ ነውር ነው። ግን ያው ቁጥር ሲገለበጥ ከ100 እናቶች 74ቱ ያኔም ከጤና ተቋም ውጭ ይወልዱ ነበር ይላል። ሚኒስትሩ 26ቱን ይዘው ይመልሳሉ፤ ተወካዩ የ74ቱን ጥያቄ ይዞ ይቀመጣል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አይገናኙም እንጂ።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ከጋምቤላ ሪፖርት መደረግ የጀመረውን ወረርሽኝ ታስታውሳላችሁ? በመንግሥት ቋንቋ «አተት» ተባለ፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ሕዝቡ ኮሌራ ይል ነበር፤ በሪፖርት ላይ ግን ለዓመታት አተት ሆኖ ቀረ። አሁን አሁን ጤና ሚኒስቴር ራሱ ኮሌራን በስሙ ይጠራዋል፤ ጥሩ ነው። ስሙ ሲለሰልስ ጥያቄውም አብሮ ይለሰልሳል። ተወካይ ስለ ተቅማጥ ሲጠይቅና ስለ ኮሌራ ሲጠይቅ ምክር ቤቱ እኩል አይደነግጥም።

ሦስተኛውና ዋናው የባለቤትነት ነገር ነው። አብዛኛው ሰው ጤና ጣቢያን የሚያስተዳድረው ጤና ሚኒስቴር ይመስለዋል። አይደለም። ሚኒስቴሩ ፖሊሲና ደረጃ ያወጣል፣ ትልልቅ ፕሮግራሞችን ይመራል። የመድኃኒት አቅርቦቱን የፌዴራሉ የመድኃኒት አቅራቢ ተቋም ይይዛል። ክልሉ ጤና ቢሮ አለው። የጤና ጣቢያው ነርስ ደመወዝ ግን የሚወጣው ከወረዳ በጀት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ክልል ለወረዳ ጥቅል በጀት ይሰጣል፤ ለመንገድ፣ ለትምህርት፣ ለጤና ስንት ይሁን ብሎ የሚያከፋፍለው ወረዳው ነው፤ የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ማስተማሪያ ሆስፒታሎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ተጠሪነታቸው ለዩኒቨርሲቲ ነው።

መድኃኒት እንዴት እንደሚጠፋ ደግሞ እንይ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛው አብዛኛውን ከሕክምና በሚሰበስበው ገንዘብ ነው፤ ሸጦ መልሶ ይገዛል። አርሶ አደሩ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርድ ሲታከም እጁ ላይ ብር አይከፍልም፤ ጤና ጣቢያው ሂሳቡን ከመድህኑ ይጠብቃል። ያ ክፍያ ከዘገየ መግዣ ገንዘብ የለም፤ መግዣ ከሌለ መደርደሪያው ባዶ ነው። ከዚያ ካርድ የያዘው ሰውዬ «ከውጭ ግዛ» ይባላል። በእኛ አካባቢ አንድ አባት የዓመቱን መዋጮ ከፍለው፣ ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ሄደው፣ ወረቀት ብቻ ይዘው ሲመለሱ አይቻለሁ። የሄዱበትን ተቋም መጥራት አያስፈልግም፤ የአንድ ተቋም ጉዳይ ስላልሆነ። «ልጄ፣ ታዲያ የከፈልኩት ለምኑ ነው?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ድረስ ብንወስደው ሚኒስትሩ በቀጥታ የሚፈቱት ከፊሉን ብቻ ነው፤ የማዕከሉን ግዥ። የመድህኑ ክፍያ ለምን ዘገየ የሚለው መልስ ያለው እዚሁ ቅርባችን ነው።

ለሚኒስትሩ ብቻ የሚቀርብ ጥያቄም አለ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ የገበሬው ካርድ አይመለከተኝም። ለእኛ ተብሎ የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ያጸደቀው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። ከደመወዝ 3 በመቶ ሠራተኛው፣ 3 በመቶ አሠሪው እንዲያዋጡ ደንብ ወጣለት፤ ከዚያ ሥራ ላይ መዋሉ ለዓመታት ሲራዘም ኖረ። የ3 በመቶው መቆረጥ ከብዶት የተቃወመ ሠራተኛ እንደነበር አልክድም፤ በዚህ ደመወዝ ማን ያስቆርጣል! ግን ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ለምን እንደተንጠለጠለ መጠየቅ ያለበት ያው ምክር ቤት ነው። ይህ ጥያቄ ወደ ክልል አይመለስም፤ በቅንጅት እንሠራለን ተብሎም አይታለፍም።

እንግዲህ ለማለት የፈለግኩት ይህን ነው። ከ1923 ዓ.ም. እስከ ዛሬ የመጠየቅ መብት በወረቀት ላይ እየሰፋ መጥቷል። መጠየቂያው ቦታ ግን ተከፋፍሏል፤ እኛ ደግሞ አሁንም አንዱን ቦታ ብቻ፣ ቴሌቪዥኑን፣ ነው የምናየው። የመድህን አዋጁን፣ የመድኃኒት ግዥውን ለሚኒስትሩ። የሐኪም ምደባውንና የሆስፒታል ማስፋፊያውን በጨፌ ኦሮሚያ በኩል ለጤና ቢሮው። የጤና ጣቢያውን በጀት፣ የአምቡላንሱን ጎማ፣ የዘገየውን ክፍያ ለወረዳው ምክር ቤት። ሚኒስትር ፊት የአምቡላንስ ጎማ ከተጠየቀ መልሱ የአገር ቁጥር ቢሆን አይግረመን።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም እኮ። ጨፌ ማለት የኦሮሞ ሽማግሌዎች ለምክክር የሚቀመጡበት መስክ ነው። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው በ8 ዓመት ዘመኑ መሐል ላይ ይገመገማል፤ ካጠፋ «ቡቂሱ» አለ፣ ይነቀላል። እኛ ኢሉባቦሮች ኦዳ ዶጊን የመሰለ የጉባኤ ቦታ ያለን ሰዎች ነን። አባቶቻችን የሚጠይቁትን ሰው በስሙም በመልኩም ያውቁት ነበር።

ባለፈው ሳምንት 11ኛ ክፍል ውስጥ የጤና ሚኒስትሯን ስም ጠየቅኩ፤ ብዙዎቹ ዶክተር መቅደስ ዳባ ብለው መለሱ። የወረዳችን ምክር ቤት ውስጥ ቀበሌያቸውን የሚወክለውን ሰው ስም ስጠይቅ ክፍሉ ዝም አለ። እናንተስ ታውቁታላችሁ? የማታውቁ ከሆነ ነገ ቀበሌ ሂዱና ጠይቁ። በጀት ከመጽደቁ በፊት ይሁን።