የሚያይ ካሜራ ሁሉ አይቀርጽም

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለው የአበው ብሂል የደኅንነት ካሜራ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት የተነገረ ነው፡፡ ዛሬ ግን ለብዙ የካሜራ ባለቤቶች ልክ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ሱቅ ተሰብሮ ያድራል፡፡ ባለቤቱ በጠዋት ስልኩን አውጥቶ የሌሊቱን ቪዲዮ ሲፈልግ የሚያገኘው ባዶ ገጽ ነው፡፡ ካሜራው ግን አልተበላሸም፡፡ ትናንት ማታ እራቱን እየበላ ሱቁን በዚሁ ስልክ ሲያየው ነበር፡፡ ማየትና መቅረጽ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማንም አልነገረውም፡፡

በደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ በኮምቦልቻ መጋዘኖች፣ እንደ አዲስ አበባው ሁሉ፣ አንድ ባለሱቅ በራሱ ገዝቶ በራሱ የሚሰቅለው ገመድ አልባ ካሜራ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል፡፡ እንዲህ ያለው ካሜራ በራሱ ካርድ ላይ ወይም በቤት ውስጥ ባለ መቅረጫ ላይ መቅረጽ ሲያቅተው ምን ምን በቅደም ተከተል መታየት እንዳለበት፣ የተቀረጸውስ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚጠየቅ ከዚህ በታች ቀርቧል፡፡

ቀረጻው የት ነው የሚቀመጠው?

ሦስት ቦታ አለ፡፡ የመጀመሪያው "ክላውድ" የሚባለው ነው፡፡ ምስሉ በኢንተርኔት ተጉዞ የካሜራው አምራች ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈላል፡፡ ሁለተኛው በካሜራው ሆድ ውስጥ የሚገባው የጥፍር ያህል ሚሞሪ ካርድ ነው፡፡ ሦስተኛው ኤንቪአር የሚባለው፣ ሃርድ ዲስክ ያለው መቅረጫ ሣጥን ነው፡፡

የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ የአማራ ክልል ነዋሪ መልሱን ከመጽሐፍ መፈለግ አያስፈልገውም፡፡ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል፡፡ በሲም ካርድ ኢንተርኔት ብቻ የሚሠራና ቀረጻውን በክላውድ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ካሜራ በዚያ ሁሉ ጊዜ የግድግዳ ጌጥ ከመሆን አያልፍም፡፡ ካርዱ በትክክል የሚሠራ ካሜራ ግን መብራት እስካገኘ ድረስ፣ ባለቤቱ በስልኩ ባያየውም፣ መቅረጹን ይቀጥላል፡፡ በእኛ ሁኔታ እዚያው በቦታው የሚቀመጠው ቀረጻ ዋናው ነው፤ ክላውዱ ተጨማሪ ነው፡፡

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ "ካርድ ይቀበላል ወይ?" ይሁን፡፡ ጭራሹን የካርድ ቀዳዳ የሌላቸው ሞዴሎች አሉ፡፡ ሁለተኛው ጥያቄ "ዋይ ፋይ ሲጠፋ መቅረጹን ይቀጥላል ወይ?" የሚል ነው፡፡ ሻጩ "አዎ" ካለ ዋይ ፋዩን አጥፍቶ እዚያው ያሳይዎ፡፡

ካርዱ ላይ አለመቅረጽ፡- ከቀላሉ ወደ ከባዱ

አንደኛ፣ ካሜራው ካርዱን አውቆታል ወይ? በአፕሊኬሽኑ ማስተካከያ ውስጥ "ስቶሬጅ" የሚለውን ይክፈቱ፡፡ የካርዱ መጠንና ቀሪው ቦታ ካልታየ ካርዱ በደንብ አልገባም፣ ወይም አልተዘጋጀም፡፡ ካርድ የሚገባውና የሚወጣው ካሜራው ከመብራት ተነቅሎ ነው፡፡ እንደ ኢዝቪዝና ሂክቪዥን ያሉት ካሜራዎች አዲስ ካርድ "ኢኒሻላይዝ" ካልተደረገ አይቀርጹበትም፡፡ ይህን ሥራ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ሳይሆን በራሱ በካሜራው አፕሊኬሽን ማድረግ ይመረጣል፡፡ ካርዱ ላይ የሚፈለግ ቪዲዮ ካለ ግን አስቀድሞ ይገልበጥ፤ "ፎርማት" ሁሉንም ያጠፋል፡፡

ሁለተኛ፣ መጠኑ ይስማማዋል ወይ? እስከ 32 ጊጋባይት ያሉ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጁት "ፋት 32" በሚባለው አሠራር ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ "ኤክስፋት" በሚባለው ነው፡፡ ቆየት ያሉ ካሜራዎች ሁለተኛውን አያነቡም፡፡ አዳዲሶቹም ቢሆኑ የ128 ወይም የ256 ጊጋባይት ጣሪያ የተቀመጠላቸው ብዙ ናቸው፡፡ ጣሪያው በካሜራው መመሪያ ላይ ይጻፋል፡፡

ሦስተኛ፣ ካርዱ እውነተኛ ነው ወይ? ላዩ ላይ 256 ተጽፎበት እውነተኛ መጠኑ ግን 16 ወይም 32 የሆነ ካርድ በዓለም ገበያ ሞልቷል፡፡ እንዲህ ያለው ካርድ ለኮምፒውተሩም ለካሜራውም 256 ነኝ ብሎ ይዋሻል፡፡ ምልክቱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደንብ ቀርጾ ከዚያ በኋላ የማይከፈት ወይም የተቆራረጠ ቪዲዮ ማምጣቱ ነው፡፡ ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ እስከ አፉ መሙላትና የተጻፈበትን መልሶ ማንበብ፡፡ "ኤችቱቴስትደብልዩ" የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ ያደርጋል፡፡ ሰዓታት ይፈጃል፤ ቢሆንም ካርዱ ከመሰቀሉ በፊት መደረጉ አይቆጭም፡፡

አራተኛ፣ ካርዱ አርጅቷል ወይ? ሚሞሪ ካርድ በተጻፈበት ቁጥር ያልቃል፡፡ ለፎቶግራፍ ማንሻ የተሠራ ካርድ በቀን 24 ሰዓት ሲጻፍበት ዕድሜው ያጥራል፡፡ ብዙ ካርዶች ሲያረጁ የቀድሞውን ያነባሉ፤ አዲስ ግን አይቀበሉም፡፡ ካርዱን ፎርማት አድርገው፣ ካሜራውን አጥፍተው ሲያበሩት የድሮው ቪዲዮ እዚያው ካለ ካርዱ አልቋልና ይቀየር፡፡ ሲገዙ "ሀይ ኢንዱራንስ" የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ለማያቋርጥ ቀረጻ የተሠራው እሱ ነው፡፡

አምስተኛ፣ እንዲቀርጽ ታዟል ወይ? ካርዱ ደህና ሆኖ የመቅረጫው ትእዛዝ የተዘጋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፡፡ "ያለማቋረጥ" እና "እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ" የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ፡፡ ሁለተኛው ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የስሜቱ መጠን ዝቅ ካለ በጨለማ የሚንቀሳቀስን ሰው ሊያልፈው ይችላል፡፡ ከፍ ሲል ደግሞ የደሴ ጉም፣ የሸራ መወዛወዝና በሌሊት ወደ ካሜራው ብርሃን የሚመጣ ነፍሳት ሁሉ "እንቅስቃሴ" ይሆኑና ካርዱን በከንቱ ይሞሉታል፡፡ በባትሪ የሚሠሩ ካሜራዎች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ በአንድ ጊዜ ጥቂት ሰከንዶች ቀርጸው ያርፋሉ፡፡ በዚያ ዕረፍት መካከል የሚሆነውን አያዩም፡፡ ካርዱ ሲሞላ አሮጌውን አጥፍቶ እንዲቀጥል የሚያዘው ምርጫም መብራቱ ይረጋገጥ፡፡

ስንት ቀን ይይዛል?

ይህን ማስላት ማንም ይችላል፡፡ ባለ 1080 ምስል በሰከንድ 2 ሜጋቢት ያህል ቢወስድ በሰዓት 900 ሜጋባይት፣ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሆናል፡፡ 32 ጊጋባይት አንድ ቀን ተኩል እንኳ አይሞላም፤ 64 ሦስት ቀን ላይ አይደርስም፤ 128 ስድስት ቀን ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል፡፡ "ኤች 265" በሚባለው አጨማመቅ የሚቀርጽ ካሜራ ጊዜውን እስከ እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል፡፡ ለዒድ ወይም ለፋሲካ ሱቁን ዘግቶ አምስት ቀን ዘመድ ዘንድ የሚሰነብት ነጋዴ ያለማቋረጥ የሚቀርጽ 64 ጊጋባይት ካርድ ይዞ ቢሄድ፣ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ የሆነው ነገር እሱ ሲመለስ ተጠፍቶበታል፡፡

ቀን ቀርጾ ሌሊት የሚያቆም ካሜራ

ይህ ብዙዎችን ግራ ያጋባል፡፡ ቀን ቀን ቀረጻው አለ፤ ሌሊት ሌሊት ግን የለም ወይም ይቆራረጣል፡፡ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከካርዱ በፊት መብራቱ ይጠርጠር፡፡ ሲመሽ የካሜራው ኢንፍራሬድ መብራት ይበራና የሚወስደው ኃይል ይጨምራል፡፡ አብሮት የመጣው አዳፕተር በደካማ የስልክ ቻርጀር ተተክቶ ከሆነ፣ ወይም ቀጭን ገመድ ተቀጣጥሎ ረዝሞ ከሆነ፣ ካሜራው ጋር የሚደርሰው ኃይል ያንሰውና እያጠፋ ይነሳል፡፡ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት በድንገት መቋረጡ ካርዱንም ይጎዳል፡፡ መፍትሔው ካሜራው የጠየቀውን አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር፣ አጭርና ወፈር ያለ ገመድ፣ እንዲሁም ለራውተርና ለካሜራ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ነው፡፡ ሌባም መብራት በጠፋበት ሰዓት ይበረታልና ዩፒኤሱ ቅንጦት አይደለም፡፡

ወደ ኤንቪአር በዋይ ፋይ የሚልኩ ካሜራዎች ደግሞ ሌላ ደካማ ጎን አላቸው፡፡ ምስሉ መቅረጫው ጋር ካልደረሰ አይቀረጽም፡፡ ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል፤ ወፍራም የድንጋይ ግንብም ያዳክመዋል፡፡ በቆርቆሮ ተከፋፍለው በተደረደሩ የገበያ ሱቆችና በብረት ግድግዳ መጋዘኖች ውስጥ ቀረጻ የሚቆራረጠው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፡፡ በአቅራቢያው ብዙ ዋይ ፋይ ካለ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ጸጥ ያለውን መምረጥ ይረዳል፡፡ ከሁሉ የሚሻለው ግን በተቻለ ቦታ ገመድ መዘርጋት ነው፡፡

የሰዓቱ ጉዳይ

ቀረጻው እያለ "የለም" የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ሰዓት ነው፡፡ ኢንተርኔት የሌለው ካሜራ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱን ሊረሳና ራሱን ወደ 1970 ወይም 2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሊመልስ ይችላል፡፡ ባለቤቱ የትናንቱን ቀን ሲከፍት ባዶ ነው፤ ቪዲዮው የተቀመጠው በሌላ ዘመን ነው፡፡ ከፋብሪካ በቻይና ሰዓት ተሞልተው የሚመጡ ካሜራዎችም አሉ፡፡ የቻይና ሰዓት ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል፡፡ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተፈጸመ ስርቆት በፈረንጅ አቆጣጠር 2፡00 ሰዓት ነው፤ በቻይና ሰዓት የሚሠራ ካሜራ ግን 7፡00 ብሎ ይጽፈዋል፡፡ ይህም በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት ነው፡፡ ስለዚህ የሰዓት ክልሉ "ጂኤምቲ+3" ላይ መሆኑ ይታይ፡፡

ፍርድ ቤት ምን ይላል?

የሰዓቱ ስህተት ከቤት አልፎ ችሎት ፊት ይደርሳል፡፡ ምስክሩ "ሌሊት ስምንት ሰዓት" ሲል ቪዲዮው "ጠዋት" ካለ፣ ተከላካዩ ሌላ መከራከሪያ ባይኖረው እንኳ ይህችን አይለቃትም፡፡

የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ለአገራችን ሕግ አዲስ አይደለም፡፡ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነት የደነገገ ሲሆን፣ በአንቀጽ 34 የማስረጃውን ትክክለኛነት የማስረዳት ሸክም የጣለው በአቅራቢው ላይ ነው፡፡ አዋጁ የወጣው ለኮምፒውተር ወንጀሎች ቢሆንም ጥያቄው ለተራ የስርቆት ጉዳይም ያው ነው፤ ይህ ቪዲዮ ከየት መጣ? ማን ነካው? አልተቆረጠም ወይ?

ስለዚህ ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ የሚደረገው እንዲህ ይሁን፡፡ ካሜራውን ከመብራት ይንቀሉ፤ አሮጌውን እያጠፋ እንዲቀጥል አይተዉት፡፡ ፎርማት አያድርጉ፤ "ያስተካክለው" ብለውም ለማንም አይስጡ፡፡ ከመንቀልዎ በፊት ካሜራው የሚያሳየውን ሰዓት ከስልክዎ ሰዓት ጋር አስተያይተው ልዩነቱን ይጻፉ፡፡ ካርዱን አውጥተው ሁለት ቅጂ ይውሰዱ፤ ዋናውን አሽገው ለፖሊስ በደረሰኝ ያስረክቡ፡፡ ማን፣ መቼ፣ ከማን እንደተቀበለ የሚያሳይ አንድ ገጽ ጽሑፍ ከቪዲዮው ጋር አብሮ ይኑር፡፡ በስልክ የሌላ ስልክ መስኮት ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ከምንም ይሻላል እንጂ ለጥያቄ የተጋለጠ ነው፡፡

ቪዲዮውን "ሌባው ይህ ነው" ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ መበተን ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ከልክሏል፤ በቀጣዩ አንቀጽ የተመለከቱት ልዩ ሁኔታዎች እንደተጠበቁ ሆነው፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፡፡ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ማንነቱ የሚለይን ሰው መረጃ የሚሰበስቡና የሚያሰራጩ ላይ ግዴታ ጥሏል፡፡ የተጠርጣሪው ቪዲዮ ቦታው ፖሊስ ጣቢያ ነው፡፡ ካሜራውም የራስን በርና የራስን ግቢ ይይ እንጂ የጎረቤትን ጓዳ አይመልከት፡፡

የሦስት ደቂቃ ሥራ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ልማድ ይጠቃለላል፡፡ በሳምንት አንድ ቀን፣ የደሴ ነጋዴ ከሆኑ ሰኞ ገበያው ከመሞቁ በፊት፣ ካሜራው ፊት ይለፉ፡፡ ከዚያ በአፕሊኬሽኑ ውስጥ "ፕሌይባክ" የሚለውን ከፍተው ራስዎን ይፈልጉ፡፡ አገኙት? ሰዓቱ ትክክል ነው? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይስ ቀረጻ አለ? ከሦስት ቀን በፊት ያለውስ ይከፈታል? አራቱም ከተሟሉ ካሜራው ሥራውን ሠርቷል፡፡ አንዱ ከጎደለ ከላይ ባለው ቅደም ተከተል ይፈተሽ፡፡ ካሜራው ራሱ ሌባ ሊደርስበት በሚችል ከፍታ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ ካርዱም አብሮ ይሄዳልና ከፍ ይደረግ፤ ወይም መቅረጫው ሌላ በተቆለፈ ክፍል ይቀመጥ፡፡

በስልክ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ምስል የሚያስረዳው ካሜራው አሁን እንደሚያይ ብቻ ነው፡፡ ትናንት ሌሊት ያየውን ማስታወሱን የሚነግርዎ ግን መልሰው የከፈቱት ቀረጻ ነው፡፡