ስለ ንባብ ቤት ሥርዓትና ስለ ሕፃናት ተግሣጽ

ተግሣጽ የሚለው ቃል በግእዝ ገሠጸ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ሁለት ወገን አለው። አንደኛው መቈጣት፥ መዝለፍ ነው፤ ሁለተኛው ግን ማስተማር፥ መምከር ነው። የቀደሙት አባቶቻችን የሰሎሞንን የምሳሌ መጽሐፍ ከሁለት ከፍለው ከ25ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ያለውን «መጽሐፈ ተግሣጽ» ብለው ሰይመውታል፤ በውስጡም በትር የተነሣበት ቃል ባይታጣ የሚበዛው ምክር ነው። ዛሬ ግን ተግሣጽ ወይም ቅጣት ሲባል ለብዙ ሰው በዓይኑ የሚመጣበት አለንጋ ብቻ ነው። ልጅን በዱላ የሚያስተምር መምህር ቢጠየቅ «የአባቶቻችን ሥርዓት ነው» ይላል፤ በዱላ የተማረረ ወላጅ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በየኔታ ላይ ይጥላል። ሁለቱም የሚናገሩት የእውነቱን እኩሌታ ነውና፥ የቀድሞውን የሕፃናት ትምህርት ቤት፥ ይኸውም ንባብ ቤትን፥ እንደ ነበረ ማየት ያስፈልጋል።

ንባብ ቤት ብዙ ጊዜ ቤት አልነበረውም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ያለ የዛፍ ጥላ ወይም የየኔታ ጎጆ ደጃፍ ይበቃው ነበር። ሕፃኑ ፊደል የተጻፈበትን ይዞ፥ በስንጥር እየጠቈመ፥ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ይቈጥራል። ሀ ሁ ብሎ በተራው የሚቈጥር ልጅ ፊደሉን ሳያይ ዜማውን ብቻ ሊሸመድድ ይችላልና፥ ቀጥሎ አቡጊዳ ተራውን አፋልሶ ይፈትነዋል። ከዚያም ወደ ፊደለ ሐዋርያ፥ ይኸውም ወደ ዮሐንስ መልእክት ይገባል፤ በግእዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብ፥ በቁም ንባብ ተራ በተራ ይመላለስበታል። በመጨረሻ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ከነጸሎተ ነቢያቱ፥ ከመኃልየ መኃልዩና ከውዳሴ ማርያሙ ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ እንደ ዐቅማቸው ድግስ ደግሰው የኔታን ያከብራሉ። ማታ ሲመሽ መጽሐፍ ማየት አይቻልምና ጸሎቱ በቃል ይነገራል፤ የቃል ትምህርትም መባሉ ስለዚህ ነው።

አሁን ሥርዓቱ እንዴት ይጠበቅ እንደ ነበረ እንመልከት። በአንድ ጥላ ሥር ሠላሳ ልጅ ቢኖር ሠላሳውም በልዩ ልዩ ስፍራ ነው፤ አንዱ ሀ ግእዝ ሲል ሁለተኛው አቡጊዳ ይላል፥ ሦስተኛው ወንጌል ያነባል፥ አራተኛው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም የሚያነቡት በከፍተኛ ድምፅ ነው። እንግዳ ሰው ቢሰማው ጫጫታ ይመስለዋል፤ የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነውም ቢሆን ማን እንዳነበበ፥ ማን እንደ ሳተ፥ ማን ዝም እንዳለ በጆሯቸው ይለያሉ። የሳተውን ከተቀመጡበት ሆነው ያርሙታል፤ ዝም ያለውንም በስሙ ይጠሩታል። በንባብ ቤት ጥፋት የነበረው ዝምታ ነው።

ሁለተኛው የሥርዓቱ ምሰሶ ታላቁ ታናሹን ማስቈጠሩ ነው። የኔታ ለሁሉ አይደርሱምና፥ ወንጌል የደረሰው ልጅ ፊደል ቈጣሪውን፥ ዳዊት የደረሰውም ወንጌል አንባቢውን ይይዘዋል። የ10 ዓመት ልጅ የ6 ዓመት ሕፃን ኀላፊነት ሲጣልበት እርሱም መረን መሆን ያፍራል፤ ሕፃኑ ቢስት የሚጠየቀው አስቈጣሪው ነውና። ሦስተኛውም ማንም ከማንም ጋር አለመሽቀዳደሙ ነው። ፊደልን በሦስት ወር የጨረሰ ይሻገራል፤ ዓመት የፈጀበትም እዚያው ይቈያል እንጂ ስለ መዘግየቱ ብቻ ከጥላው አይባረርም።

ከልጁ የሚፈለገው ጠባይ የታወቀ ነበር። ማለዳ መጥቶ የየኔታን ጕልበት ይስማል፤ ታላቅ ሰው ሲያልፍ ይነሣል፤ ሲጠራ አቤት ይላል፥ ሲታዘዝም ወዴት ይላል፤ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል። ይህ የመጨረሻው ከልክ አልፎ ልጁ ከንባቡ ይልቅ በሎሌነት የዋለበት ስፍራ መኖሩን መሸሸግ አይገባም። በአንጻሩም ልጁን ለከብት ጠባቂነት የሚፈልግ ወላጅ ከጥላው ሥር እየጠራ ይወስደው ነበር፤ የኔታም በዚህ ጊዜ የሚከራከሩት ከልጁ ጋር ሳይሆን ከአባቱ ጋር ነው።

ወደ አለንጋው እንምጣ። አለንጋ በንባብ ቤት ነበረ፤ አልነበረም የሚል ሰው ንባብ ቤት አልዋለም። ያልሰማ ልጅ ይገረፋል፥ ይቈነጠጣል፥ ይንበረከካል። ከትምህርት የኰበለለውም ተይዞ ሲመጣ እግረ ሙቅ የገባበት ጊዜ ነበረ፤ ይህን ከሽማግሌዎቻችን ብዙዎች ይተርኩት ነበር፥ አንዳንዶቹም በሣቅ ያወሩት ነበር። እኔ ግን የሕፃን እግር በብረት መታሰሩ የሚያሥቅ ነገር ሆኖ አልታየኝም፤ ሥርዓት ነበረና መልካም ነበረ ማለትም አይቻልም። እኔን ፊደል ያስቈጠሩኝ መምህር አለንጋቸውን ከተቀመጡበት ቁርበት በታች ያኖሩት ነበር። እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲወጣ ያየነው ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሌላው መምህር እንዲህ ላይሆን ይችላል፤ የሰው ጠባይ ልዩ ልዩ ነውና።

በዚህ ነገር ከሁሉ የሚደንቀኝ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የተወለደው ይህ አባት ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን፥ አባት ልጁን ዘወትር በመምታት እንዳያሳድገው ይመክራል። ምክንያቱንም ሲሰጥ፥ ልጁ ዱላን ከለመደው ይንቀዋል፥ ከናቀውም አባት በእጁ የቀረው ነገር የለም ይላል። ስለዚህ ልጁ ዱላን ይፍራ እንጂ አይቅመሰው፤ አንድ ጊዜ በፊት መኰሳተር፥ አንድ ጊዜ በብርቱ ቃል፥ አንድ ጊዜም በለሰለሰ ነገርና በተስፋ ይመለስ ባይ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶንና ለቈላስይስ ሰዎች በጻፋቸው መልእክቶች ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው አባቶችን ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ ያስጠነቅቃል። በትርን ለመደገፍ ሰሎሞንን የሚጠቅስ መምህር ብዙ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን አብሮ የሚጠቅሰው ግን ጥቂት ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቈጡት ያለቅሳል» የሚለው የአገራችን ተረትም ቢመረመር ከዚህ አይርቅም፤ የቅጣትን ፍሬ የሚለካው በቍጣ ቃል እንጂ በዱላ አይደለምና።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላም የመንግሥት ትምህርት ቤት በየአውራጃው ተስፋፋ። ይህ ለአገራችን ትልቅ በረከት ሆኖአል፤ ሒሳብን፥ ጂኦግራፊን፥ የውጭ ቋንቋን ያመጣው እርሱ ነው፤ ለሴቶች ልጆችም ንባብ ቤት ካደረገላቸው ይልቅ እጅግ የበለጠ አድርጎላቸዋል። ዳሩ ግን ሥርዓቱ ከንባብ ቤት ሥርዓት ጋር የተቃረነ ነበር። ልጆች በክፍል ተከፍለው፥ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳ መልሰው፥ ሁሉም በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ይማራሉ፤ መምህሩ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ጥፋት እንደ ነበረ እዚህ ድምፅ ጥፋት ሆነ።

አለንጋው ግን ሁለቱንም አልተቃረነምና ተሻግሮ ገባ። ግማሹ የገባው አማርኛና ግብረ ገብ ሊያስተምሩ ከተቀጠሩት ከእኛው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ነው፤ የቀረውም የውጭ አገር ሰዎች በየአገራቸው የለመዱት ነው፤ በእንግሊዝ አገር እንኳ ዱላ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሕግ የተወገደው በ1979 ዓ.ም. ነውና። ታላቁ ታናሹን ማስቈጠሩ፥ ልጁ እንደ ዐቅሙ መሄዱ፥ መምህሩ የእያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ ማወቁ፥ እነዚህ ሁሉ ከደጅ ቀሩ። ታናሹን ያስቈጥር የነበረውም ልጅ የክፍል አለቃ ተባለ፤ ሥራውም መምህሩ በሌለ ጊዜ የረባሾችን ስም በሰሌዳ ላይ መጻፍ ሆነ። መምህሩ ሲመለስ ስሙ የተገኘበት ይገረፋል። ልጅን ለታናሹ አሳቢ ማድረግና በጓደኛው ላይ ጠቋሚ ማድረግ የቱን ያህል እንደሚራራቁ አንባቢ ይፍረድ። ስድሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል የቆመ መምህር ዱላ ቢያነሣ ግን ክፋቱ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ልጆቹን የሚይዝበት ሌላ መሣሪያ አልሰጡትምና።

ሕጉም እየተለወጠ መጥቶአል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጁን ወይም ተማሪውን በመጠኑ የቀጣ ሰው ጥፋተኛ እንዳይባል ይፈቅድ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሕፃናትን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት ተቀበለች፤ የትምህርት ቤት ተግሣጽ የሕፃኑን ሰብኣዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዝዛልና። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን በአካሉ ከሚደርስ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ እንዲሆን ደነገገ። በዚህ አንቀጽ ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው፥ ነገሩን በትምህርት ቤት ብቻ አለመወሰኑ ነው፤ ሕፃናትን ለማሳደግ ኀላፊነት ያለባቸውን ሌሎች ተቋማትም አብሮ ይጠራል። ስለዚህ በየደብሩ ቅጥር ዛሬም ሕፃናት ፊደል የሚቈጥሩበት የዛፍ ጥላ ከዚሁ ቃል በታች ነው፤ በቁርበቱ ሥር ያለው አለንጋም እንደዚሁ።