መጻፍና መታየት

የኮምፒውተር ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ፍጥነቱ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚስበኝ የመጠባበቁ ታሪክ ነው። ሁለት ሠራተኞች በአንድ መዝገብ ላይ ሲገናኙ ማን ይቅደም? በባንክ መስኮት ለምንቀመጥ ሰዎች ጥያቄው ባዕድ አይደለም። በአንድ ሒሳብ 1,000 ብር አለ እንበል። አንዱ ሠራተኛ 200 ሊያስገባ፣ ሌላው 300 ሊያወጣ፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት 1,000 የሚለውን ያነባሉ፤ አንዱ 1,200፣ ሌላው 700 ብሎ ይጽፋል። በኋላ የተጻፈው ይጸናል፤ ትክክለኛው 900 ግን የትም የለም።

ይህን ችግር በማንበብና በመጻፍ ብቻ አስቀድሞ የፈታው ሆላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ቴዎዶሩስ ዴከር መሆኑን የአገሩ ልጅ ኤድስገር ዳይክስትራ መስክሮለታል። መፍትሔው ጨዋነት አለው። መግባት የፈለገ አስቀድሞ ባንዲራውን ያነሣል፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን ባንዲራ ያያል። የጎረቤቱም ተነሥቶ ከሆነ፣ ተራው ያልሆነው ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 መፍትሔውን ከሁለት አልፎ ለብዙዎች አሰፋው፤ ከባቡር ሐዲድ ምልክት ስሙን የተዋሰውን ሴማፎርም ያበረከተ እርሱ ነው።

በዚያ ዘመን አንድ እምነት ነበር፤ ነገር የሚታየው በተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው የሚል። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1979 እምነቱን በግልጽ ተርጉሞ ስም ሰጠው።

ማሽኖቹ ግን ቸኮሉ። ፕሮሰሰር ጽሕፈቱ ዋናው ማኅደረ ትውስታ እስኪደርስ መጠበቅ ስለሚያዘገየው፣ በራሱ ጎን ባለች ማቆያ አኑሮት ወደ ንባቡ ያልፋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የዴከርን ሁለት ጎረቤታሞች አስብ። አንዱ ባንዲራውን አነሣ፤ ባንዲራው ግን ገና ከማቆያው አልወጣም። የጎረቤቱን ቢያይ ዝቅ ብሏል። ጎረቤቱም እንዲሁ። ሁለቱም ሕጉን ጠበቁ፤ ሁለቱም ገቡ። ከፕሮግራሙ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ እውነቱ ሐሰት ሆነ። ስንኝ ለሚቋጥር ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር አላውቅም። መድኃኒቱ የማኅደረ ትውስታ አጥር የሚሉት ትእዛዝ ነው፤ «ከእኔ በፊት የተጻፈው ለሌሎች ሳይታይ ወደሚቀጥለው ንባብ አትለፍ» ይላል።

ሊነክስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር ባላቸው ማሽኖች መሥራት ሲጀምር፣ ከርነሉን ማለትም የሥርዓቱን እምብርት የጠበቀው በአንድ ትልቅ ቁልፍ ነበር። አንዱ ፕሮሰሰር ከውስጥ ሳለ ሌላው ደጅ ይጠናል። ቁልፉ በጥቃቅን ቁልፎች እየተተካ ሄዶ ርዝራዡ የተወገደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

እኔ የምወደው ግን የ1999ኙን ክርክር ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ቁልፍ የሚለቀቅበትን ከባድ ትእዛዝ በተራ ጽሕፈት ብንተካው፣ ከ22 ገደማ የሰዓት ምት ወደ 1 ይወርዳል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሊነስ ቶርቫልድስ አይሠራም ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ አንድ የኢንቴል መሐንዲስ አስረዳ፤ በእነዚያ ማሽኖች ተራ ጽሕፈት ከእርሱ በፊት ያሉትን ንባቦችና ጽሕፈቶች ቀድሞ አይታይምና ይበቃል። ቶርቫልድስም ተቀበለ። የሚወጣ ሰው ከኋላው ያለው ሥራ መጠናቀቁ ይበቃዋል፤ የሚገባ ግን ጽፎ ማየት አለበት፤ ማቆያዋ የምታሳስተውም እዚያ ላይ ነው።

የከርነሉ ሠሪዎች እነዚህን የቅደም ተከተል ሕጎች ማሽን ራሱ ሊፈትሻቸው በሚችል መልክ ጽፈው ከኮዱ ጋር ያኖሯቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዳይክስትራ ጽሑፍ 53 ዓመት በኋላ።