ወንዝ ያላሻገሩ ሕጎች

አዲስ አበባን ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ለሚመለከት ሰው በቅድሚያ ዓይኑ የሚያርፈው በሕንፃዎቿና በጎዳናዎቿ ላይ አይደለም። ከእንጦጦ ተነሥተው ወደ ደቡብ የሚወርዱት ጠማማ የሸለቆ መስመሮች ናቸው ከሁሉ ቀድመው የሚታዩት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ጀምሮ እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ እስከሚለው የአቃቂ ሜዳ ድረስ ቀጨኔ፣ ቁርጡሜ፣ ግንፍሌ፣ ቀበና፣ ባንተ ይቀጡ እየተባሉ የሚጠሩ ወንዞችና ጅረቶች ከተማዋን ሸንሽነዋታል። በምሥራቅ በኩል ያሉት ለትልቁ አቃቂ፣ በምዕራብ ያሉት ለትንሹ አቃቂ ይገብራሉ። ሁለቱ አቃቂዎች ደግሞ አባ ሳሙኤል ላይ ደርሰው ጉዟቸውን ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ።

እነዚህን ወንዞች የሚጠብቅ ሕግ ጠፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ቢያንስ ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ከወንዙ አፋፍ ይህን ያህል ርቀት ባለው ቦታ ላይ ቤት አይሠራም፣ ዛፍ አይቆረጥም የሚል ድንጋጌ በአዋጅም በፕላንም ተጽፏል። ታዲያ ዳርቻው ለምን ቤት በቤት ሆነ? የተለመደው መልስ «ሕጉ ስላልተከበረ ነው» የሚል ነው። እኔ ግን ይህ መልስ ግማሹን ብቻ የያዘ ይመስለኛል። የከተማዋን የመሬት ታሪክ ወደኋላ ሄደን ስንመረምረው ሌላው ግማሽ ይገለጥልናል። ይኸውም ክልከላው ራሱ፣ ባለቤትና ጠባቂ ሳይኖረው ሲቀር፣ የወንዙን ዳርቻ ማረፊያ ላጣ ሰው የተረፈ ብቸኛ ክፍት መሬት ማድረጉ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከከተማዋ ቁርቆራ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ቦታውን የወደዱት በፍል ውኃው ምክንያት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ግቢያቸውን ከፍል ውኃው በላይ ባለው ጉብታ ሲተክሉ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ጭፍሮቻቸውን አስከትለው በየኮረብታው ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ኮረብታው የሰፈሩ መኻል ሲሆን ወንዙ የሰፈሩ ጠርዝ ሆነ። ድልድይ ባልነበረበት ጊዜ ክረምት ሲገባ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መሻገር ምን ያህል ያስቸግር እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል።

በገጠሩ «የወንዜ ልጅ» ማለት ዘመድነት ነው፤ አንድ ወንዝ የጠጡ፣ በአንድ ወንዝ ያደጉ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ግን ወንዙ ከመነሻው የለየ እንጂ ያገናኘ አልነበረም። ማንም ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቤት አልሠራም። ወንዙ ለሁሉም ጓሮ ሆነ፤ ጓሮ ደግሞ በባህላችን ቆሻሻ የሚደፋበት፣ ሽንት ቤት የሚቆፈርበት ቦታ ነው። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ ሰው በአዲስ አበባ መሬት በግሉ እንዲይዝ ሲፈቅድም ይህ አሰፋፈር ጸና። ወንዝ ለወሰንነት ይመቻልና በውሉ ላይ «በስተምሥራቅ ወንዝ» ተብሎ መጻፍ ተለመደ። እንዲህ ሲጻፍ ግን አፋፉ ከውልም ከኃላፊነትም ውጭ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ፕላን አውጪዎቹ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1936 ፈረንሳይ አገር ይኖር የነበረው ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ለፋሺስቱ መንግሥት ባዘጋጀው ንድፍ ሸለቆና ገደል የሌለ ይመስል ቀጥ ያለ ታላቅ ጎዳና ከላይ እስከ ታች አሰመረ። ንድፉ ግን ከወረቀት አላለፈም። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ እሱን ተከትለውም ሌሎች እንግሊዛውያን፣ ፈረንሳውያንና ሀንጋሪያውያን ባለሙያዎች ተራ በተራ ፕላን ነደፉ። ከጣሊያን ባለሙያዎች ጋር በመተባበር የተዘጋጀው ማስተር ፕላን በ1978 ዓ.ም. ቢጠናቀቅም የጸደቀው በ1986 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ከተማዋ ፕላኑን አልጠበቀችም። ተራሮቹንና የወንዝ ዳርቻዎቹን በአረንጓዴነት የመያዝ ሐሳብ እየጎላ የመጣው በኋለኞቹ ፕላኖች ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀለም በተቀባው ስፍራ መሬቱ ላይ ሰው ሰፍሮበት ነበር።

ሰው በአፋፉ ላይ እንዴት እንደሰፈረ ለመረዳት የ1967ቱን አዋጅ ማስታወስ ግድ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ብቻ ተፈቀደ፤ ቤት ማከራየትም ከግለሰብ እጅ ወጣ። አዋጁ ብዙ ጭሰኛ ተከራይን ከባለ ርስት ጫና እንዳላቀቀ አይካድም። ይሁንና የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር የቀበሌ ቤት በዚያው ልክ አልተሠራም። ልጅ ሲያድግና ሲያገባ ወላጆቹ ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል ይቀጥሉለታል። ቀጥሎም ማድ ቤቱ ይገፋል፤ ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ሽንት ቤቱ። የሚገፋው ሁሉ ወደ አፋፉ ነው፤ በሌላው በኩል ጎረቤት አለና። ከጠቅላይ ግዛትና ከክፍለ ሀገር የመጣውም ሰው «ጨረቃ ቤት» የሚያቆምበትን ቁራሽ መሬት ያገኘው ሌላ ሰው በማይፈልገው፣ ለማንም ባልተመራው በገደሉ ጥግ ነው። መሬቱ ባዶ ሆኖ የቆየው ለሌላው የተከለከለ በመሆኑ ነበር።

ሕጉ ጠንከር ብሎ የመጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የውኃ አካላትን ዳርቻ ወሰን እንዲከልል፣ በተከለለውም ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጠ። አንባቢ እዚህ ላይ «መኖሪያ ቤት» የሚለውን ቃል ልብ ይበልልኝ። የትንሹን አቃቂ ውኃ መልክና ሽታ የቀየሩት ግን መኖሪያ ቤቶች ብቻ አይደሉም። ቆዳ ፋብሪካዎችና ሌሎች ኢንዱስትሪዎች በወንዙ ዳር የተተከሉት ውኃ ለመቅዳትና ዝቃጭ ለመልቀቅ ስለሚመቻቸው ነው። ከነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ በመካኒሳና በአካባቢው በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ እየለማ ለከተማው ገበያ ሲቀርብ ኖሯል።

ለፋብሪካዎቹ ሌላ ሕግ ወጥቷል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ታወጀ፤ የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል በ2001 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ደግሞ ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጣቸው። ይህ አግባብ የለውም አልልም፤ ሥራና ሠራተኛ አለና ጊዜ መስጠት ያስፈልግ ይሆናል። የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ነው። የዳርቻው አንቀጽ በአፋፉ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ እንዲህ ያለ የእፎይታ ጊዜ አላስቀመጠም።

ሌላም ቋጠሮ አለ። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሥርዓት እንዲይዙ በር ቢከፍትም፣ ይህ የሚሆነው ይዞታው ከከተማው ፕላን ጋር ሲጣጣም ነው። በወንዝ ዳር ያለ ቤት በፕላኑ አረንጓዴ ተቀብቷልና አይጣጣምም። ስለዚህ ካርታ አያገኝም። ካርታ የሌለው ሰው ደግሞ በሚነሣበት ጊዜ ሕጋዊ ባለይዞታ የሚያገኘውን ካሳና ምትክ ቦታ ለመጠየቅ የሚቆምበት መሬት የለውም። በአንድ አፋፍ ላይ ጎን ለጎን የኖሩ ሦስት ጎረቤቶች፣ አንደኛው ባለ ካርታ፣ ሁለተኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ ሦስተኛው ሰነድ አልባ ቢሆኑ፣ ያው ጎርፍ ሦስቱንም እኩል ሲያሰጋቸው ሕጉ ግን በሦስት መንገድ ይሸኛቸዋል።

ይህን ስል ክልከላው አላስፈላጊ ነው ማለቴ አይደለም። ወንዝ ቦታ ይፈልጋል። በሣርና በዛፍ የተሸፈነ ዳርቻ አፈሩን ይይዛል፣ የጎርፉን ጉልበት ያበርዳል፣ ከላይ የሚመጣውን ደለልና ቆሻሻ በከፊል ያጣራል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከተማዋ የወረደው ዶፍ የሰው ሕይወት ማጥፋቱን አልረሳነውም። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት የሜትር ልክ ለሁሉም ወንዝ አይሆንም። እንደ ቀበና ባለ ጥልቅ ሸለቆ ላይ ትልቁ አደጋ የአፋፉ መናድ ስለሆነ ልኬቱ ከውኃው ሳይሆን ከገደሉ ከንፈር መጀመር አለበት። ሜዳማ በሆነው አቃቂ ደግሞ ውኃው ወደ ጎን ይንጣለላልና ልኬቱን የሚወስነው ጎርፉ የሚደርስበት ቦታ ነው።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ፕሮጀክት ለዚህ ረጅም ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻን በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት ታቀደ፤ የወዳጅነት አደባባይም በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው አስተዳደር የወንዝ ዳርቻ ልማትንና ብክለትን የሚመለከት ደንብ አወጣ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ጓሮ ሆኖ የኖረ ወንዝ የከተማዋ ፊት መሆን መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ደስ የማይለው የከተማው ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ታሪኩ የሚያስተምረን ግን ጥንቃቄን ነው። በመጀመሪያ፣ ዳርቻ ማለት የድንጋይ ግንብና የእግር መንገድ ማለት አይደለም። በሁለት ግንብ መካከል የታጠረ ወንዝ በክረምት ጉልበቱ ይብሳል፤ ከላይ የዳነው ሰፈር ከታች ያለውን ያስጠቃዋል። ሁለተኛ፣ ሽንት ቤቱ ከቱቦ ጋር ካልተገናኘ የዳርቻው አበባ የውኃውን ሽታ አይለውጠውም። በ2010 ዓ.ም. ግድም አቅሙ በቀን ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ያደገው የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚያጣራው ቱቦ ያመጣለትን ብቻ ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የሰዎቹ ጉዳይ ነው። ከአፋፉ የተነሣ ቤተሰብ ከሥራው፣ ከዕድሩና ከልጆቹ ትምህርት ቤት ርቆ ኑሮው ካልሆነለት ሌላ አፋፍ መፈለጉ አይቀርም። ከተማዋም እየሰፋች በሄደች ቁጥር ገና ያልተያዙ የወንዝ ዳሮች አሏት።

ስለዚህ መስመሩ በቢሮ ካርታ ላይ ብቻ አይቅር። በየወንዙ አፋፍ ሰው ሁሉ የሚያየው የወሰን ድንጋይ ይተከል፤ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍም ካርታው ይለጠፍ፤ የትኛው ቤት በመስመሩ ውስጥ እንዳለ ነዋሪው ከግሬደሩ በፊት ይወቅ። መስመሩ ለቆርቆሮ ቤት የሚጠብቅና ለሆቴል ወይም ለፋብሪካ የሚላላ አይሁን። በውስጡ የኖሩትም ካርታ ኖራቸውም አልኖራቸው፣ ከመነሣታቸው አስቀድሞ የሚገቡበት ቤት ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው። ገና ያልተሰፈረባቸው የአቃቂና የየዳር ከተማው ጅረቶች ደግሞ ደላላ ሳይቀድም ዛሬውኑ ይከለሉ፤ ጠባቂም ይመደብላቸው።