ቡገንቪሊያ፤ የአንድ ሐረግ ስምና ታሪክ

በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር ከግቢ አጥር በላይ ወጥቶ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ነጭ ሆኖ የሚታየው ሐረግ ቡገንቪሊያ ይባላል። በየመንገዱ ስለሚታይ አገር በቀል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው። ስሙም የአንድ ረጅም የባሕር ጉዞ መታሰቢያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1766 ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል የተባለው የፈረንሳይ መኮንን ዓለምን በመርከብ ለመዞር ከአገሩ ተነሣ። ኤቷል የተባለችው የስንቅ መርከብ በ1767 መጀመሪያ ተከትላው ወጣች፤ ሁለቱ መርከቦችም በዚያው ዓመት አጋማሽ በሪዮ ዴ ዣኔሮ ተገናኙ። በኤቷል የተሳፈረው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊቤር ኮመርሶን ሐረጉን ያገኘው በዚያ ነው። በጉዞው መሪም ስም ሰየመው።

ኮመርሶን በእግሩ ቁስል ይሠቃይ ስለነበር ያለ ረዳት ብዙ ሊራመድ አይችልም ነበር። አገልጋዩ ተብሎ ወንድ መስሎ የተሳፈረው ረዳት በእውነቱ ዣን ባሬ የተባለች ሴት ነበረች፤ የዘመኑ ደንብ ሴት በባሕር ኃይል መርከብ እንድትሳፈር አይፈቅድም ነበርና። ባሬ በማጄላን የባሕር ወሽመጥ በረዷማ ተራሮች ላይ ስንቁን፣ መሣሪያውንና የዕፅዋቱን ጥራዝ ተሸክማ ትከተለው እንደነበር ቡገንቪል ራሱ መስክሮላታል።

ኮመርሶን የድካሙን ፍሬ ሳያሳትም በ1773 በሞሪሸስ ደሴት ሞተ። የሰበሰበው ዕፅ ወደ ፓሪስ ተላከ፤ የሐረጉም ስም በ1789 አንቷን ሎራን ደ ዡሲዮ ባወጣው መጽሐፍ ታተመ። ባሬ ወደ ፈረንሳይ ስትመለስ ምድርን በባሕር የዞረች የመጀመሪያዋ የታወቀች ሴት ሆነች። በ1785 መንግሥት በዓመት 200 ሊቭር ጡረታ ቆረጠላት፤ በ1807ም ዐረፈች። የድንችና የቲማቲም ወገን የሆነ አንድ የደቡብ አሜሪካ ዕፅ በስሟ የተጠራው ግን በ2012 ነው።

ሐረጉ ከባሕር ማዶ ተሻግሮ በብዙ ሞቃት አገሮች የተስፋፋው በውበቱ ብቻ አይደለም። ሥር ከሰደደ በኋላ የውሃ እጥረትን ይችላል፤ እንዲያውም ደረቅ ጊዜ ሲያገኝ በብዛት ያብባል። ውሃና ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ሲያዘወትሩለት ቅጠሉ ይለመልማል፣ አበባው ይቀንሳል። ዓይን የሚስበው ቀለምም በእርግጥ የአበባው አይደለም፤ አበባውን የከበቡት ሦስት ስስ ቅጠሎች ናቸው። እውነተኛው አበባ በመካከላቸው ያለው ትንሽ ነጣ ያለ ቱቦ ነው።

ለመትከል የደረጀ ቅርንጫፍ ቆርጦ በአሸዋማ አፈር ማጽደቅ ይበቃል። ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት መሆን አለበት። ሥሩ በቀላሉ ስለሚጎዳ ችግኙ ሲዛወር አፈሩ መበተን የለበትም። ሐረጉ ግድግዳን የሚጨብጥበት አካል የለውም፤ በእሾሁ እየተንጠላጠለ ብቻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጠንካራ ሽቦ ወይም ደጋፊ ያስፈልገዋል። ሲያድግ ክብደቱና የሚቀበለው ነፋስ ደካማ አጥርን ሊጥል እንደሚችል ማንኛውም መሐንዲስ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። አበባው ሲያበቃ መግረዝ ይህን ጭነት ይቀንሳል።

የሐረጉ ታሪክ ለመሐንዲስ ሌላም ጉዳይ ያስታውሰዋል። ድልድይ፣ ግድብ ወይም ሕንፃ ሲመረቅ በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው ብዙ ጊዜ የመራቂው ስም ነው፤ ሰንሰለት ጎትቶ የለካው፣ ድንጋይ ጠርቦ የገነባው፣ ብረት ያሰረው ሠራተኛ ግን በየትም አይጻፍም። የባሬ ድካም ሳይረሳ የቀረው በጊዜው ያዩት ሰዎች ስለጻፉት ነው። የሥራ ማስረከቢያ ሰነድ የእያንዳንዱን ባለሙያ ስምና የሥራ ድርሻ ቢይዝ ወጪው ከጥቂት ገጽ ወረቀት አይበልጥም።