የአሜሪካ ዶላር ብርቅ ኅትመቶች እና ሰብሳቢዎቻቸው

በአሜሪካ ለዕለት ግብይት የሚውል የፌዴራል መንግሥት የወረቀት ገንዘብ በስፋት መታተም የጀመረው በእርስ በርስ ጦርነቱ መባቻ፣ በ1861 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሠራዊቱ ደመወዝና ስንቅ ይፈልጋል፤ በግምጃ ቤቱ ያለው ወርቅና ብር ግን ለዚያ ሁሉ ወጪ አይበቃም። በዚያ ዓመት ጁላይና ኦገስት በወጡት ሕጎች መሠረት የ5፣ የ10 እና የ20 ዶላር ኖቶች ተዘጋጁ። ጀርባቸው በአረንጓዴ ቀለም ስለታተመ ሕዝቡ «አረንጓዴ ጀርባ» አላቸው፤ ስሙም ለዶላር እስከ ዛሬ ቀርቷል። በጠቅላላው 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ።

ኖቱ እንዲጸና የግምጃ ቤቱ ኃላፊና የመዝገብ ሹሙ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ሁለት ሰዎች ግን በሚሊዮን በሚቆጠር ወረቀት ላይ ሊፈርሙ አይችሉም። ስለዚህ ጸሐፊዎች ተቀጥረው በባለሥልጣኖቹ ፈንታ ፈረሙ፤ በሌላ ሰው ፈንታ መፈረማቸውን የሚገልጹ ሁለት አጫጭር ቃላትንም በእያንዳንዱ ኖት ላይ በእጃቸው ጻፉ። ሥራው ተጓተተ። ብዙም ሳይቆይ ቃላቱ በማተሚያው ፕሌት ላይ ተቀረጹና ጸሐፊዎቹ የሚፈርሙት ስማቸውን ብቻ ሆነ። ቃላቱ በእጅ የተጻፉባቸው የመጀመሪያዎቹ ኖቶች ከእሳት፣ ከእርጥበትና ከግምጃ ቤቱ ማስወገጃ የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ዛሬ ከአሜሪካ የወረቀት ገንዘብ ብርቆች መካከል ይቆጠራሉ።

በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለጉት የኅትመት ልዩነቶች አብዛኞቹ የተወለዱት እንዲሁ ነው። ለሰብሳቢ ብሎ ያተማቸው የለም። ሥራ የበዛበት ማተሚያ ቤት ጊዜ ለማትረፍ፣ ብረት ላለማባከን፣ ወይም ጦርነት ሲያጣድፈው የወሰዳቸው እርምጃዎች ርዝራዥ ናቸው። ይህ መስክ ከተራ የብርቅዬ አደን የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ በሁለት ኖቶች መካከል ያለች የፀጉር ያህል ልዩነት በፋብሪካው ውስጥ አንድ ቀን ምን እንደተደረገ ትናገራለች።

ፋብሪካው ራሱ የተጀመረው በጥቂት ሰዎች ነው። በኦገስት 29 ቀን 1862 በግምጃ ቤቱ ሕንጻ ውስጥ በስፔንሰር ክላርክ ኃላፊነት አንድ ወንድና አራት ሴቶች ሥራ ጀመሩ፤ ሥራቸው የግል ማተሚያ ቤቶች አትመው የላኩትን ኖት መቁረጥና ማኅተም ማድረግ ነበር። ይህ ክፍል አድጎ የቅርጽና ኅትመት ቢሮ የሚባለው መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ከ1877 ጀምሮም የመንግሥቱን ኖት ሁሉ ራሱ ያትም ጀመር። አንድ ኖት በዚያ ቤት ብዙ እጅ ያልፋል። ምስሉና ጽሑፉ ከተቀረጸ የብረት ፕሌት ላይ በከባድ ግፊት ይታተማል፤ መጀመሪያ ጀርባው፣ ከዚያ ፊቱ። ማኅተሙና መለያ ቁጥሩ የሚመቱት በመጨረሻ፣ በሌላ ማሽን ነው። የፊቱ ፕሌት፣ የጀርባው ፕሌት፣ የማኅተሙ ቀለምና ፊርማው በየራሳቸው ጊዜ ስለሚቀየሩ አሮጌውና አዲሱ በአንድ ወረቀት ላይ የሚገናኙበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰብሳቢዎች ይህን ያህል ጠልቀው አይመለከቱም ነበር። ጆርጅ ብሌክ በ1908 ያሳተመው መጽሐፍ የአሜሪካን የወረቀት ገንዘብ በዓይነት በዓይነቱ ለመዘርዘር ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ነው። ከ1944 እስከ 1946 የአልበርት ግሪኔል ስብስብ በተከታታይ ጨረታ ሲሸጥ የመስኩ ስፋት ለሁሉም ታየ። ሮበርት ፍሪድበርግ በ1953 ያወጣው ካታሎግ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር ሰጠው፤ ሻጭና ገዥ አሁንም የሚግባቡት በዚሁ ቁጥር ነው። የካታሎጉ አከፋፈል በዋናነት የሚቆመው በፊርማና በማኅተም ላይ ነው። ባለሥልጣን በተለወጠ ቁጥር ፊርማው ይለወጣል፤ አንዳንዱ የሁለት ሹማምንት ጥምረት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለቆየ ኖቱ ብርቅ ይሆናል። ይኸው መለኪያ ለኢትዮጵያም ይሠራል፤ በ1945 የወጡት የኢትዮጵያ ኖቶች የታተሙት አሜሪካ ሲሆን ሰብሳቢዎች የሚለዩአቸው በባንኩ ገዥ ፊርማ ነው፤ የመጀመሪያው ፈራሚም አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሰብሳቢዎች ዘመን ዓይን የሳበው ውበቱና ዋጋው ትልቅ የሆነው ኖት ነው። በ1890 የወጣው የ1,000 ዶላር የግምጃ ቤት ኖት ጀርባው ላይ ያሉት ትልልቅ ዜሮዎች ሐብሐብ ስለሚመስሉ ሰብሳቢዎች «ታላቁ ሐብሐብ» ይሉታል፤ በሕይወት ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ በ2014 በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። የጀርባው ንድፍ ከመጠን በላይ የተጨናነቀ ሆኖ ስለተገኘ በ1891 ባዶ ቦታ ባለው ሌላ ንድፍ ተተካ።

በጁላይ 1929 ኖቶቹ በመጠን አነሱ። ርዝመታቸው ከ189 ወደ 156 ሚሊ ሜትር፣ ስፋታቸው ከ79 ወደ 66 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ ንድፎቹም አንድ ወጥ እንዲሆኑ ተደረገ። ለሥዕሉ ለሚሰበስብ ሰው ይህ ኪሳራ ነበር። ንድፉ ሲመሳሰል ግን ዓይን ወደ ጥቃቅኑ ምልክት ዞረ፤ የዛሬው የልዩነት ጥናት በአብዛኛው የሚመለከተውም እነዚህን ትንንሽ ኖቶች ነው።

ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው የፕሌት ቁጥር ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ፕሌት የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በኖቱ ፊትና ጀርባ ጥግ ላይ በጣም በደቀቀ አሃዝ ይታተማል። ዓላማው ቁጥጥር ነው፤ የትኛው ኖት ከየትኛው ፕሌት እንደወጣ ማወቅ ሐሰተኛ ገንዘብን ለመመርመር ይረዳል። ችግሩ አሃዙ ከ1 ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ መሆኑ ነበር፤ ኖቱ ጥቂት እጅ ከዞረ በኋላ አይነበብም። ስለዚህ ቢሮው በ1938 ገደማ አሃዙን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አሳደገው። በፊት ፕሌቶቹ ላይ ለውጡን ለመለየት ከዓመተ ኅትመቱ ቀጥሎ «ኤ» የሚል ፊደል ተጨመረ፤ 1934 የነበረው «1934 ኤ»፣ 1935 የነበረው «1935 ኤ» ሆነ። ፊርማዎቹ ግን ያው የሁለቱ ሹማምንት፣ የጁሊያንና የሞርገንታው ነበሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፊደል በብዛት የሚጨመረው ሹም ሲቀየር ስለነበር በፊርማ ብቻ የሚሰበስብ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያልፋቸዋል።

አሮጌዎቹ ፕሌቶች አልተጣሉም። አንድ የብረት ፕሌት ብዙ ድካም የጠየቀ ሥራ ነውና እስኪያልቅ ድረስ መሥራት ነበረበት። ባለ ትንሽ አሃዙና ባለ ትልቅ አሃዙ ፕሌት ጎን ለጎን በየማተሚያው ዞሩ፤ ስለዚህ ፊቱ በአንዱ፣ ጀርባው በሌላው የታተመ ኖት ተወለደ። ሰብሳቢዎች ይህን ድብልቅ «በቅሎ» ይሉታል። በ1 ዶላር ኖት ላይ አዲሱ ፊት ከአሮጌው ጀርባ ጋር የተገናኘበት በቅሎ በአንጻሩ በቀላሉ ይገኛል፤ አሮጌው ፊት ከአዲሱ ጀርባ ጋር የተገናኘበት ግን ያስቸግራል፤ አዲሶቹ ጀርባዎች ሲደርሱ አሮጌዎቹ ፊቶች እያለቁ ነበርና። ለማያውቅ ሰው ሁለቱም ተራ የጆርጅ ዋሽንግተን ምስል ያለባቸው ኖቶች ናቸው።

ከበቅሎዎቹ መካከል የ5 ዶላሩ የጀርባ ፕሌት ቁጥር 637 የተለየ ታሪክ አለው። ይህ ፕሌት ቀድሞ የተሠራው ሌሎች ፕሌቶች እንዲባዙበት እንደ እናት ሆኖ እንዲያገለግል ነበር። ቁጥሩን ያገኘው አሃዙ ትንሽ በነበረበት ዘመን ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ግን እርሱም ተጠናቆ ወደ ማተሚያ ገባ። በዚህ የተነሳ አሃዝ ካደገ ከዓመታት በኋላ በታተሙ ኖቶች ጀርባ ላይ ትንሹ 637 ብቅ ይላል። ይህን የመሰለውን እንቆቅልሽ የፈቱት እንደ ፒተር ሀንቱን ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያሉትን የፕሌት መዝገቦችና በስሚዝሶኒያን የተቀመጡትን የሙከራ ኅትመቶች እያመሳከሩ። ከእነርሱ በፊት ቹክ ኦዶኔል ባዘጋጀው መመሪያ የትንንሾቹን ኖቶች መለያ ቁጥርና የፕሌት ልዩነት በዝርዝር መዝግቧል፤ በ1961 የተመሠረተው የወረቀት ገንዘብ ሰብሳቢዎች ማኅበርም ግኝቶቹን በመጽሔቱ እያወጣ ዕውቀቱ ከጥቂት ሰዎች እጅ እንዲወጣ አድርጓል። የመስኩ እውነተኛ ሀብት ይህ የተመዘገበ ዕውቀት ይመስላል፤ የጨረታው ዋጋ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌላ ዙር ልዩነት አመጣ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ ሃዋይ ብትያዝ በደሴቶቹ ያለው ዶላር ለጠላት ሲሳይ እንዳይሆን ተፈራ። በ1942 ቡናማ ማኅተም ያላቸውና «ሃዋይ» የሚል ጽሑፍ የተመታባቸው የ1፣ የ5፣ የ10 እና የ20 ዶላር ኖቶች ተላኩ፤ ደሴቶቹ ቢወድቁ እነዚህን ብቻ ዋጋ ማሳጣት ይቻል ነበር። ከሕዝቡ የተሰበሰበው 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል አሮጌ ገንዘብ በአስከሬን ማቃጠያና በአይኤያ በነበረው የስኳር ፋብሪካ እቶን ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ሰሜን አፍሪካ ለዘመተው ጦር ቢጫ ማኅተም ያላቸው ኖቶች ታተሙ። የአሃዙ ለውጥ ገና ስላልተጠናቀቀ በሃዋይ ኖቶች ውስጥም በቅሎዎች አሉ።

በ1944 ደግሞ ቢሮው የወረቀት ፈተና አደረገ። የ«1935 ኤ» 1 ዶላር ኖት በሁለት ዓይነት ወረቀት ታተመ፤ በተለመደው ወረቀት ላይ «አር»፣ በልዩ ወረቀት ላይ «ኤስ» የሚል ቀይ ፊደል ከማኅተሙ በታች ተመታ። ከእያንዳንዱ 1,184,000 ኖት ወጣ። የታሰበው ኖቶቹ አርጅተው ሲመለሱ የትኛው ወረቀት እንደበረታ ለማየት ነበር፤ ፈተናው ግን እርግጠኛ መልስ አልሰጠም። ሰብሳቢዎች ብዙዎቹን ስላስቀሩ ዛሬም ይገኛሉ፤ ሐሰተኞቹም እንዲሁ፤ በተራ ኖት ላይ ቀይ ፊደል መምታት ቀላል ነውና። መመርመሪያው መለያ ቁጥሩ ነው። የ«አር» ኖቶች ከ70884001 እስከ 72068000፣ የ«ኤስ» ኖቶች ከ73884001 እስከ 75068000 ባለው ክልል ውስጥ ካልወደቁ ፊደሉ በኋላ የተጨመረ ነው። የፕሌት ቁጥር ግን ከምስሉ ጋር ከአንድ ብረት ስለሚወጣ ለእንዲህ ያለ ማጭበርበር አይመችም።

በኖቱ ፊት ላይ የምትታይ ኮከብም የራሷ ሰብሳቢዎች አሏት። በኅትመት የተበላሸ ኖት ሲገኝ በቀድሞው አሠራር ያው ቁጥር እንደገና በአዲስ ኖት ላይ ይመታ ነበር፤ ይህ አድካሚ ነበር። ከ1910 ጀምሮ ኮከብ ያለበት ለብቻው የተቆጠረ ኖት የተበላሸውን እንዲተካ ተደረገ። ቁጥር መምቻው ከ8 አሃዝ በላይ ስለማይዝም 100 ሚሊዮንኛው ኖት በኮከብ ኖት ይተካ ነበር።

የማሽን ለውጥ ያመጣቸው ልዩነቶች ከዚህ በኋላም አላቋረጡም። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የሚታተመው ኖት ብዛት ከ12 ወደ 18፣ ከዚያም በ1957 ወደ 32 አደገ። በ1955 በወጣ ሕግ ገንዘብ ሁሉ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚል መፈክር እንዲይዝ ሲታዘዝ መፈክሩ አስቀድሞ የገባው በአዲሶቹ ማሽኖች ኖት ላይ ነው፤ አሮጌዎቹ ማሽኖች ያለ መፈክር ማተማቸውን ቀጠሉ። «1935 ጂ» የተባለው የ1 ዶላር ኖት ስለዚህ መፈክር ያለበትም የሌለበትም ሆኖ ይገኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንደ ጋዜጣ ከጥቅል ወረቀት የሚያትም ማሽን ተሞክሮ አልሰምር ሲል ተተወ፤ ከእርሱ የወጡት የ1 ዶላር ኖቶች የጀርባ ፕሌት ቁጥራቸው ከትልቁ «አንድ» የሚል ቃል በታች ሳይሆን በላዩ፣ ከመፈክሩ ቀጥሎ ይታያል። አብዛኛው ሰው ሳያስተውል አውጥቷቸዋል።

ከሁሉም ቅርቡ በ2013 ተከታታይ ለኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በታተሙት የ1 ዶላር ኮከብ ኖቶች ላይ የተፈጠረው ነው። ቢሮው ከ1991 ጀምሮ በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ሁለተኛ ማተሚያ አለው፤ እዚያ በሚታተሙት ኖቶች ፊት ላይ ከፕሌት ቁጥሩ አጠገብ የከተማዋን ስም የሚያመለክቱ ሁለት ትንንሽ ፊደላት ይገኛሉ። በዋሽንግተን በ2014 የታተሙት የኮከብ ቁጥሮች በስሕተት በፎርት ዎርዝ በ2016 ተደገሙ፤ ስለዚህ ሊደገም የማይገባው መለያ ቁጥር በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥንድ ኖቶች ላይ አለ። አንዱ ብቻውን ከተራ ኮከብ ኖት እምብዛም አይበልጥም። አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለቱ ኖቶች ግን አንደኛው ያለ ፊደላቱ፣ አንደኛው ከነፊደላቱ ሲገናኙ በሺዎች ዶላር ይሸጣሉ፤ ብዙ ሰብሳቢዎችም በእጃቸው ያለውን ቁጥር በጋራ መዝገብ እያሰፈሩ መንታውን ይፈልጋሉ።